ሃያ አንድ ዓመት የጠበቀ ጉዞ

ልጆች ሳለን በሰፈራችን ብስክሌት በሰዓት ይከራይ ነበር። ጎማው የተለጣጠፈ፣ ፍሬኑ በጫማ የሚታገዝ፣ ወንበሩ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ቁመት የተሠራ ብስክሌት። ወንድሞቻችን ሳንቲም አጠራቅመው ይነዱታል። እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን ተራ እንጠብቃለን። ተራው ሊደርሰን ሲል ታዲያ ከቤት ጥሪ ይመጣል፤ «ነይ፣ ቡና ሊፈላ ነው፣ ስኒ አቅርቢ!» ከመካከላችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብስክሌት መንዳት የማትችል ነበረች።

ለዚህ ነው የዴርቭላ መርፊን ታሪክ ስናነብ መጀመሪያ የያዘን ጀብዱዋ ሳይሆን ትዕግሥቷ የሆነው። (ዓመተ ምህረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዴርቭላ በ1931 በአየርላንድ ሊዝሞር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። አሥር ዓመት ሲሞላት ሁለት ያገለገሉ ነገሮች በስጦታ ደረሷት፤ አንድ ብስክሌትና አንድ አትላስ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አቀበት ስትወጣ ፔዳሉን የሚረግጡትን እግሮቿን አየችና አንድ ነገር ታሰባት፤ እነዚህ እግሮች እንዲህ መርገጣቸውን ካላቆሙ ሕንድ ያደርሳሉ። ትልልቅ ሰዎች እንዳይስቁባት ለማንም ሳትናገር ያዘችው።

በአሥራ አራት ዓመቷ ግን ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ገባች። እናቷ በመገጣጠሚያ ሕመም ከተያዙ ቆይተዋል፤ የሚያስታምማቸው ሰው ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ አንድ ልጃቸው ናት። አሥራ ስድስት ዓመት አስታመመች። በመሃል ፋታ ስታገኝ እንግሊዝንና ስፔንን የመሳሰሉ አገሮችን በብስክሌት አየች፤ ሕንድ ግን ቆየች።

እዚህ ላይ ስንደርስ አየርላንድ ሩቅ አገር አልመሰለችንም። በየዘመዶቻችን ቤት «እናቷን የምትጦረው እሷ እኮ ናት» የምትባል ልጅ አለች። ስንመርቃት እንኖራለን እንጂ «አንቺ ምን አስበሽ ነበር?» ብለን አንጠይቃትም።

እናቷ በ1962 አረፉ። ዴርቭላ በጥር 1963 በሠላሳ አንድ ዓመቷ ብቻዋን ተነሣች። አውሮፓ ለብዙ ዓመታት ያላየችው ብርድ የወረደበት ወቅት ነበር። ብስክሌቷን በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም «ሮዚናንቴ» አለቻት፤ ሲያቆላምጧት «ሮዝ»።

ዝግጅቷን ልብ በሉ። የብስክሌቱን ባለ ሦስት ማርሽ መለወጫ አስወለቀችው። የእስያን ኮረኮንች አይችልም ብላ ነው። እኛ ብንሆን ማርሽ እንጨምር ነበር፤ እሷ የቀነሰችው ግን ያልገጠሙት ዕቃ አይበላሽም ብላ ነው። መለዋወጫ ጎማዎችን አስቀድማ በፖስታ ላከች። አንዲት ትንሽ ሽጉጥም ያዘች፤ ኢራን ውስጥ ሌቦችን አስፈራርታ አባርራባታለች።

ከዩጎዝላቪያ በረዶ ወደ ቱርክ፣ ከኢራን ወደ አፍጋኒስታን ዘለቀች። የሚገርመው፣ ከጉዞው ሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰባት ብስክሌት ላይ አልነበረም። አፍጋኒስታን ውስጥ አውቶቡስ ተሳፍራ ሳለ የጠመንጃ ሰደፍ መቷት ሦስት የጎን አጥንቶቿ ተሰነጠቁ። ቢሆንም አገሩን ወደደችው። ፓኪስታን ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የባቡሳር መተላለፊያ ስታቋርጥ፣ በረዶው ላይ ተሸካሚዋ እሷ፣ ተሸካሚ የሚያስፈልጋት ደግሞ ሮዝ ሆነች። በሐምሌ ዴልሂ ገባች። የጉዞ ማስታወሻዋ በ1965 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

የእኛም አገር በታሪኩ ውስጥ አለች። በ1966 መጨረሻ፣ እኛ 1959 ዓ.ም. በምንለው ጊዜ፣ ዴርቭላ ወደ ኢትዮጵያ መጣች። ሰሜኑን አቋርጣ አዲስ አበባ ለመግባት የመረጠችው ግን ብስክሌት ሳይሆን በቅሎ ነው! ስሙንም «ጆክ» አለችው። የስሜንን ተራራ ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጎማ የማይደርስበትን ገደል በቅሎ ይወጣዋል። ያንን ጉዞ የተረከችበት መጽሐፍ በ1968 ወጣ።

አንድ ነገር ግን አንደብቅም። ዴርቭላ ደፋር ነበረች፤ ድፍረቷ ግን ብቻውን አላደረሳትም። ድንበር የሚያስከፍት ፓስፖርት ነበራት። በየመንደሩ ደክማ ስትደርስ ያላቸውን ያቀረቡላት፣ ያሳደሯት ሰዎች ነበሩ። ያን እንጀራ የጋገሩ፣ ያን ዳቦ የጠፈጠፉ ሴቶች ግን በዚያው መንገድ ብቻቸውን ልሂድ ቢሉ ማን ይፈቅድላቸው ነበር? እንግዳዋ በእንግድነቷ ያለፈችበት በር ለባለቤቷ ዝግ ነበር።

በእኛም አገር ብስክሌት አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችን ልካለች። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ጎበዝ ሴት ጠፍታ ነው እንዳንል፣ ማን ሞክሪ ብሎ ብስክሌቱን ሰጣት?

ዴርቭላ በ1992 በስልሳ ዓመቷ እንደገና ብስክሌት ላይ ወጥታ ከኬንያ እስከ ዚምባብዌ ነዳች። የዚያ ጉዞ መጽሐፍ ርዕስ «ኡኪምዊ» የሚል የስዋሂሊ ቃል ይዟል፤ ኤድስ ማለት ነው። በየመንገዱ ያገኘችው ሐዘን እሱ ነበርና። በግንቦት 2022 በዘጠና ዓመቷ አረፈች።

እኛ ከእሷ የወሰድነው «ሁሉን ጥለሽ ሂጂ» የሚል ምክር አይደለም። እሷም ጥላ አልሄደችም። እናቷን አስታማ፣ ቀብራ ነው የወጣችው። የወሰድነው ሌላ ነው፤ ሕልም ቢዘገይም አይሻግትም፤ ብቻ መንገዱን የሚያውቁ እግሮች ይቆዩት። ሌላው ደግሞ፣ ቤት ውስጥ የምታስታምም እህት ካለችን አንድ ሁለት ሳምንት ተክተናት፣ የእሷን ሕንድ እንድታይ መፍቀድ እንችላለን። ለዚህ ሃያ አንድ ዓመት መጠበቅ የለባትም።

ያቺ መንዳት የማትችለው ጓደኛችን ባለፈው እሁድ ብስክሌት ተከራየች። ሁለት ጊዜ ወደቀች። ቡናው ሲደርስ ማንም አልጠራትም። ወንድሟ ነበር ያፈላው።