«ምንም አይጎዳም» የተባለው ቀይ ባክቴሪያ



ዛሬ የአንድ ባክቴሪያ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። በአፈርና በውኃ ውስጥ የሚኖር ነው። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ቢነካውም አይታመምም። ለዚህም ከመቶ ዓመት በላይ «ምንም አይጎዳም» ሲባል ኖረ። «ማንን ነው የማይጎዳው?» ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

ታሪኩ ከሰሜን ጣሊያን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1819 ክረምቱ አልፎ ሙቀት ሲበረታ፣ በፓዱዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሌኛሮ መንደር ፖሌንታ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ አድሮ ሲታይ ደም መሰለ። ገበሬዎቹ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተሸበሩ። ባርቶሎሜዎ ቢዚዮ የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ ግን ነገሩን መረመረ። ቅላቱ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ከሚራባ ረቂቅ ሕይወት ያለው ነገር የመጣ መሆኑን አሳየ። በጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ በሴራፊኖ ሴራቲ ስምም «ሴራሺያ ማርሴሰንስ» ብሎ ሰየመው። ማርሴሰንስ በላቲን «የሚጠወልግ» ማለት ነው፤ ቀለሙ ቶሎ ስለሚደበዝዝ።

ቀይ ቀለሙ ተመራማሪዎችን ሳበ። ተህዋስ በአየርና በእጅ እንዴት እንደሚዛመት ማወቅ የፈለገ ሁሉ ሴራሺያን ይረጭና ቀይ ሆኖ የበቀለበትን ቦታ ይቆጥራል። በቀላሉ ይታያል፣ ደግሞም «ምንም አይጎዳም»!

በዚሁ እምነት፣ በሴፕቴምበር 1950 አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ዳርቻ ራቅ ብሎ ሴራሺያንና ሌላ ባክቴሪያን ወደ ከተማዋ በሚነፍሰው ነፋስ ላይ ለቀቀ። ዓላማው ጠላት በተህዋስ ቢያጠቃ ከተማዋ ምን ያህል እንደምትጋለጥ መለካት ነበር። በ43 ቦታዎች ናሙና ተወሰደ። ስሌቱም 800,000 የሚሆነው ነዋሪ ከሞላ ጎደል በሙሉ ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ እንደሳበ አሳየ። ለሕዝቡ ግን አንድም ቃል አልተነገረም።

በቀጣዩ ወር፣ በከተማዋ በነበረው የስታንፎርድ ሆስፒታል ሐኪሞች ያልጠበቁትን ነገር አዩ። ከኦክቶበር ጀምሮ 11 ሕሙማን በሴራሺያ ተይዘው ተገኙ። አንድ የ75 ዓመት አዛውንት የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ባክቴሪያው ወደ ልባቸው በር ዘልቆ ሕይወታቸው አለፈ። ሐኪሞቹ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ፣ ያዩትን በ1951 በሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

ምስጢሩ የወጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1977 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ሠራዊቱ ከ1949 እስከ 1969 ድረስ 239 እንዲህ ያሉ የአደባባይ ሙከራዎችን ማድረጉን አመነ። የሟቹ ቤተሰብ መንግሥትን ከሰሰ፤ ነገር ግን ተረታ። ሠራዊቱ ሕሙማኑን የያዛቸው ከራሱ ከሆስፒታሉ የመጣ ባክቴሪያ ነው ብሎ ተከራከረ። የተረጨው ባክቴሪያና ገዳዩ አንድ መሆናቸው አልተረጋገጠም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እስቲ ክርክሩን ልብ እንበል። ከየትም ይምጣ፣ ባክቴሪያው ደካማውን ሰው ሊገድል እንደሚችል በሆስፒታሉ ታይቷል። ጤነኛው ሰው ቆዳው፣ ሽንቱን የሚያስወጣበት ኃይሉና የሰውነቱ መከላከያ አጥር ሆነውለታል። የሽንት ቱቦ የገባለት፣ በደም ሥሩ ግሉኮስ የሚወርድለት፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ ግን አጥሩ ተከፍቷል። ባክቴሪያው በዚያ ክፍት ይገባል።

ከገባ በኋላ ደግሞ ማስወጣቱ ይከብዳል። ሴራሺያ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ሌላው መድኃኒት ሲያቅት እንደ መጨረሻ አማራጭ የሚሰጠው ኮሊስቲንም አይበግረውም። ከ1960ዎቹ ወዲህ በየአገሩ ሆስፒታሎች ሲዛመት፣ ሌሎች መድኃኒቶችንም እየተላመደ መጣ። የሚገርመው ደግሞ፣ ከሕሙማን የሚገኘው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ቀለም የለውም። ተመራማሪዎቹ የመረጡበት ምልክት፣ ጉዳቱ ባለበት ቦታ አይታይም!

ከዚህ ታሪክ ለራሳችን የምንወስደው አለ። በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ወደ ሕሙማን ክፍል ስንገባና ስንወጣ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ቱቦውንና መርፌውን አንነካካ። ጨቅላ ወደተኛበት ክፍል ተሰብስበን አንግባ። ጉንፋን በያዘን ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝተን አንዋጥ። «እኔን ምንም አላደረገኝም» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ አልጋ ላይ ላለው ግን ዋስትና አይሆንም።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን። አሚን።