ስለ ኮርቻና ስለ ፈረስ ጀርባ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፈረስም ቢሆን የሚያደርሰው ጀርባው ደህና እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው። የፈረሶቻችንን ስም ታሪክ በሚገባ ይዞልናል። የዐፄ ቴዎድሮስ ታጠቅ፣ የዐፄ ዮሐንስ በዝብዝ፣ የዐፄ ምኒልክ ዳኘው፣ የራስ አሉላ ነጋ፣ የራስ ጎበና ጥጉ፤ ጌቶቻቸው በእነዚህ ስሞች ላይ «አባ» እየተጨመረ ተጠርተውባቸዋል፣ ተፎክሮባቸዋል። የእነዚህን ፈረሶች ኮርቻ የሠራው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህች ጽሑፍ ስለዚያ ሙያ ናት።

የአገራችን ኮርቻ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። በፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች አሉት፤ እነሱን ከፊትና ከኋላ ከፍ ብለው የሚቆሙ ሁለት እንጨቶች ያያይዟቸዋል። ከዚያ እርጥብ ቆዳ ይለበጥበታል፤ ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ እንጨቱን ያለ ምስማር አጥብቆ ይይዘዋል። ከፊትና ከኋላ ከፍ ማለቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ጦር የሚወረውር ሰው ሁለት እጁ ሥራ ላይ ስለሚውል፣ ወገቡን የሚደግፍለት ነገር ያስፈልገዋል። እርካቡም የራሱ ጠባይ ነበረው። የድሮው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ፣ እርካቡ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት ነበረ። እንዲህ ያለ የጣት እርካብ በጥንት ዘመን በሕንድ አገርም ይታወቅ ነበር። ሙሉ እግር የሚያስገባው ጥንድ እርካብ በቻይና የታየው በ4ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ ከዚያ ብዙ ዘግይታ አገኘችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዲስ ፈረስ የገዛ ሰው የቀድሞውን ፈረስ ኮርቻ አንሥቶ ቢጭንበት ምን ይሆናል? የአንዱ ጀርባ ሰፊ፣ የሌላው እንደ ቤት ክዳን የሾለ ነው፤ የአንዱ ትከሻ ከጋማው ግርጌ ጉብ ያለ፣ የሌላው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ኮርቻ የሚለካው ግላሱ ሳይነጠፍ፣ በባዶ ጀርባ ላይ ነው። በትከሻው ጉብታና በኮርቻው የፊት ቅስት መካከል ሁለት ሦስት ጣት መግባት አለበት። ከኋላ ዝቅ ብለው ሲያዩ በአከርካሪው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን መታየት ይኖርበታል፤ ኮርቻ አጥንት ላይ ፈጽሞ ሊያርፍ አይገባውም። ሁለቱ እንጨቶች ደግሞ በጎንና በጎን ያለውን ሥጋ በሙሉ ርዝመታቸው መንካት አለባቸው። ከፊትና ከኋላ ብቻ ነክተው መካከሉ እንደ ድልድይ ከተንጠለጠለ፣ የሰውየው ክብደት ሁሉ በአራት ቦታ ላይ ይወድቃል፤ በዚያው በአራቱ ቦታ ይገጥባል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ኮርቻው ሲጠብ ከሥሩ ጨርቅ በመጨመር ነው። ጫማ ለጠበበው ሰው ሁለተኛ ካልሲ እንደ መስጠት ነው! ጨርቅ የሚረዳው ኮርቻው ጥቂት ሲሰፋ ነው፤ ለጠባቡ መፍትሔው ሌላ ኮርቻ ብቻ ነው። ትክክል መሆኑን የሚመሰክረው ደግሞ ላብ ነው። ከግልቢያ በኋላ ኮርቻው ሲወርድ ጀርባው በሁለቱም ጎን እኩል ላብ ከያዘው ደህና ነው። በላቡ መካከል ደረቅ ቦታ ከታየ፣ እዚያ ወይ ከልክ በላይ ተጭኗል ወይ ጭራሽ አልነካም። በገበያ ላይ ጥቁር ወይም ቡላ ፈረስ ጀርባው ላይ ነጭ ጠጉር በቅሎበት ከተገኘ፣ ገዥው ዋጋ ከመስማማቱ በፊት ያስብበት፤ የቆየ ቁስል ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ ሌላ በእኛ አገር የባሰ ችግር አለ፤ እሱም የወቅቱ ነገር ነው። ክረምቱን ሣር የጠገበ ፈረስ በመስቀል ሰሞን ጀርባው ይሞላል። የድሮ ዘመቻም የሚጀመረው ዝናቡ ሲያባራ፣ ወንዙ ሲጎድል ነበር። በጥቅምት ልክ የነበረው ኮርቻ፣ ፈረሱ በበጋው ጉዞ ሲከሳ በየካቲትና በመጋቢት ወርዶ አከርካሪው ላይ ይቀመጣል። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ዐድዋ ላይ የተዋጉት የካቲት 23 ቀን ነው። ከአራት ወር በላይ ጉዞ ማለት ነው። በዚያ ዕለት የኦሮሞ ፈረሰኞች በማርያም ሸዊቶ በኩል የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር እየተከታተሉ ሲጥሉ፣ ያን ሁሉ ወር ተጉዘው የመጡት ፈረሶች ገና መሮጥ ይችሉ ነበር። እንዴት?

የመልሱ አንዱ ክፍል በቅሎ ናት። መኳንንቱ በመንገድ ላይ የሚቀመጡት በሰጋር በቅሎ ነበር፤ የጦር ፈረሱ ግን ሰው ሳይቀመጥበት በአሽከር እየተሳበ ይከተላል። ይህን ያዩ አንዳንድ የውጭ ሰዎች ለታይታ መስሏቸዋል። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ በፊት የጀርባ ቁጠባ ነው። ፈረሱ እስከ ውጊያው ቀን ድረስ ሸክም ሳያገኘው፣ ጀርባው ሳይላጥ ይደርሳል። «አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» እየተባለ የሚቀለድባት በቅሎ፣ የእናቷን ልጅ ጀርባ የጠበቀች እሷ ናት።

ይህን ያልተረዳ ጦር ምን እንደሚገጥመው በ1860 ዓ.ም. ታይቷል። ጄኔራል ናፒየር በመቅደላ ላይ ሲዘምት ከየአገሩ በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎች ተገዝተው በዙላ ወደብ ወረዱ፤ ከሕንድም 44 ዝሆኖች መጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ገንዘብ ያልታጣለት ያ ሁሉ ከብት ልምድ ያለው ጫኝና ጠባቂ ስላልነበረው፣ በውኃ ጥምና በበሽታ በባሕሩ ዳር ረገፈ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን ከወደቀች በኋላ፣ የተዘረፈውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ያ ቅርስ ከአገር የወጣው በጭነት ከብት ጀርባ ነው።

ወደ ባለሙያው ልመለስ። ኮርቻ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ እንጨት የሚጠርብና ቆዳ የሚያለፋ። በዚያ ላይ ለእርካቡና ለልጓሙ ብረት ቀጥቃጭ ይጨመራል። የፈረሰኛው ክብር ያረፈው በእነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ቆዳ የሚሠራው «ፋቂ»፣ ብረት የሚሠራው «ቀጥቃጭ»፣ ሲብስም «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ርስትና ጋብቻም ይከለከል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። ጌታው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ሲባል፣ ያን ፈረስ ከመገጠብ ያዳነው ሰው ስሙ እንኳ አልተጠራም። ይህ ነገር ለእኔ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ፈረሱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ኢትዮጵያ ዛሬም ከአፍሪካ አገሮች ብዙ ፈረስ ካላቸው ዋነኞቹ አንዷ ናት። በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የዐድዋን ፈረሰኞች ለማሰብ ተመሥርቶ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሺህ የሚቆጠር ፈረስ ተሸልሞ ይወጣል። በግላሱ ጌጥ መደነቅ ደግ ነው፤ ከግላሱ ሥር ያለውን ማየት ግን ይበልጣል።

በዚህ እኛ ባለንበት በጅቡቲ በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ የተለየ ነው። ባሕሩ ዳር የፈረስ አገር አይደለም፤ ሙቀቱም መኖውም አይፈቅድም። ከታጁራና ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን የሚጭነው በግመል ነበር። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ጎጆ ሲነቅሉ የቤታቸውን ሰሌን በግመሉ ጀርባ ላይ እያነጠፉ፣ ምሰሶዎቹን በጎንና በጎን ያስሩባቸዋል። ቤቱ ራሱ ኮርቻ ይሆናል ማለት ነው፤ ሲሰፍሩ ደግሞ ኮርቻው ተመልሶ ቤት ይሆናል። ሰሌኑን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እዚህም ሕጉ ያው ነው፦ ሸክሙ በጎንና በጎን፣ አከርካሪው ነፃ።

ከ1890 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የግመሉ ሥራ እየቀነሰ ሄደ። በባቡሩ የአውሮፓ ኮርቻም ይመጣ ጀመር፤ ቆዳው ያማረ፣ ነገር ግን ለቁመተ ረጅም ፈረስ የተሠራ በመሆኑ በእኛው ትንሽ ፈረስ ላይ ብዙ ጊዜ የማይገጥም። ሐዲዱ ሐረርን ትቶ ስላለፈ ግን፣ ከድሬዳዋ ወርዶ ሐረር ለመውጣት የፈለገ መንገደኛ የመኪና መንገድ እስኪሠራ ድረስ ዳገቱን የሚወጣው በበቅሎ ነበር፤ በዚያው በእንጨትና በእርጥብ ቆዳ በተሠራው ኮርቻ።