እንፍራንዝ፦ የመመለስ ዘመን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ እንፍራንዝ ሲደርስ የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ይታየዋል። በድንጋይና በኖራ የታነጸ፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ግንብ ነው። ጎንደር ከመቆርቆሯ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አፄ ሠርጸ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል። ከዚህ ኮረብታ ሥር ያለው የሐይቅ ዳር አገር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠመው፤ ንጉሥ ከአባቶች ሃይማኖት ሲወጣ ሕዝቡ ምን ያድርግ?

ጥያቄው ለመጽሐፍ ቅዱስ አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ የይሁዳው ንጉሥ ምናሴ ሕዝቡን ይዞ ከአምላኩ ራቀ፣ ተማርኮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ፣ በእስር ቤት ተጸጸተ፣ ተመልሶም የአምላኩን መሠዊያ አደሰ። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ንጉሥ በደንብ ያውቁታል፤ የንስሐ ጸሎቱ በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አለ።

አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በሆኑት በኢየሱሳውያን፣ በተለይም በስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ ትምህርት ተስበው በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። ፓኤዝ አስተዋይ ሰው ነበር፤ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ ሳይቸኩል ነው የሠራው። እርሱ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነበር። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ በመናገሻው በደንቀዝ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናት እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና ይባረኩ ተባለ። ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት በዓልም ተከለከሉ።

የሮም ክርስቲያኖችም ያንኑ መዝሙረ ዳዊት የሚደግሙ፣ ያንኑ ወንጌል የሚያነቡ ናቸው። ለጣና ዳር ገበሬ ግን አዋጁ የነካው ቤቱንና ልጁን ነበር። ልጁን በስምንተኛው ቀን መግረዝ፣ ቅዳሜን ከእሑድ ጋር ማክበር ከኦሪት የወረሰው ነው። የቅዳሜ ሰንበት በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ከብዙ ክርክር በኋላ የጸደቀ ሥርዓት ነበር። እንደገና ተጠመቅ ማለትም፣ እስከ ዛሬ አንተም እናትህም አባትህም ክርስቲያን አልነበራችሁም ማለት ነው። ይህን ችሎ መዋጥ ለገበሬው ከባድ ነበር።

ጸንተው ከቆሙት መካከል ስማቸው ዛሬም በሐይቁ ዳር የሚጠራው ወለተ ጴጥሮስ ናቸው። ባለቤታቸው መልክዐ ክርስቶስ የንጉሡ አማካሪ ነበር። በ1609 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሱ አባ ስምዖን በጦርነት ላይ ሲገደሉ የባላቸው እጅ እንዳለበት ስለተረዱ ትዳራቸውን ትተው መነኮሱ። በንጉሡ ፊት ቀርበው ተመረመሩ፣ ሜንዴዝ ራሱ ሊያስተምራቸው ሞከረ፣ አልሆነም። በመጨረሻም ወደ ሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ ወዳለችው ዣበይ ተጋዙ። ከግዞት ሲመለሱ በዙሪያቸው የመነኮሳትና የመነኮሳይያት ማኅበር ተሰባሰበ። ገድላቸው በ1664 ዓ.ም. ተጽፏል፤ መታሰቢያቸው ኅዳር 17 ቀን ነው፤ ገዳማቸው ከእንፍራንዝ በስተደቡብ በዚያው በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቆራጣ ይገኛል።

ንጉሡ የተመለሱት በደም ነው። በ1624 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በወይና ደጋ አዲሱን ሃይማኖት ተቃውመው ከተነሡት የላስታ ዐመፀኞች ጋር ተዋግተው አሸነፉ። 8,000 ያህል ሰው በሜዳው ላይ እንደ ቀረ ይነገራል። የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች እንደሚተርኩት፣ መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል እየመሩ፣ እነዚህ እስላም ወይም አረመኔ አይደሉም፣ ወንድሞቻችን ክርስቲያኖች ናቸው አሏቸው። በሰኔ ወር ሱስንዮስ አዋጅ አስነገሩ፤ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ይመለስ፣ ካህናት ታቦታቸውን ይዘው ወደየደብራቸው ይግቡ። በአፈ ታሪክ ይህ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተብሎ ይታወሳል። ድል አድርጎ ሳለ ከመንገዱ የተመለሰ ንጉሥ ብዙ አይገኝም፤ ለዚህ ክብር ይገባቸዋል። ሟቾቹን ግን አዋጁ አላስነሣም።

መመለሱ የራሱን ጭካኔም አመጣ። የሱስንዮስ ልጅና ተተኪ አፄ ፋሲል ሜንዴዝንና ባልንጀሮቹን አባረሩ። የሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ካቶሊክነቴን አልክድም በማለታቸው ተጋዙ። እሳቸውም ጸንተው የቆሙ ሰው ነበሩ፤ ጽናት በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም።

እንፍራንዝ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ቦታ አላት። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ባለታሪኩ ከሱስንዮስ ዘመን ስደት ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ሲኖር ዳዊት እየደገመ እንደቆየ፣ ንጉሡ ሲሞቱ እንፍራንዝ መጥቶ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት መዝሙረ ዳዊት እየገለበጠና ልጆች እያስተማረ እንደኖረ ይተርካል። መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው ሊቃውንትን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ ከፈረንጅም (ከሮም) ከግብጽም (ከተዋሕዶ) ወገን ሳይሆን በዳዊት ቃል ወደ አምላኩ የሚመለስ ሰው ማረፊያ አድርጎ የመረጠው ይህችን ከተማ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይመስልም። በ1692 ዓ.ም. በከተማዋ ያለፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴ ነጋዴዎች ለዝባድ ብለው ጥርኝ በብዛት የሚያረቡባት፣ ክርስቲያንና እስላም አብረው የሚኖሩባት ቦታ እንደነበረች ጽፏል።

አፄ ሱስንዮስ ከአዋጁ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በመስከረም 1625 ዓ.ም. በደንቀዝ ዐረፉ። የተቀበሩት በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው፤ በኢየሱሳውያን ዘመን ራሳቸው ባሠሩት፣ ከአዋጁ በኋላ ወደ ተዋሕዶ በተመለሰው ቤተ ክርስቲያን። እንፍራንዝን አልፎ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ከተማው ሳይገባ አዘዞ ላይ ወረድ ብሎ ይየው።