ቤተ ሰብ የሚባለው ማን ነው? የአሜሪካ ቤተ ሰብ ትርጓሜና መልክ በታሪክ

ቤተ ሰብ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው የለም፤ ነገር ግን ወሰኑን ለይተህ ተናገር ቢባል ብዙ ሰው ይቸገራል። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ብቻ ናቸውን? አያትስ ትቈጠራለችን? የሟች ወንድም ልጅስ? በቤቱ የሚያገለግለውስ ሰው? በሰላም ተቀምጦ የሚኖር ሰው በዚህ ጥያቄ አይጨነቅም፤ ለእርሱ ቤተ ሰብ ማለት ከማዕዱ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሰው ነውና። ጥያቄው የሚከብደው መሬት በሚታደልበት፣ ጡረታ በሚከፈልበት፣ ውርስ በሚከፋፈልበት፣ የመግቢያ ፈቃድ በሚሰጥበት ቀን ነው። በዚያን ቀን አንድ ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ «ይህ ቤተ ሰብ ነው፤ ያ ግን አይደለም» ይላል።

ይህን ነገር ለመመርመር የአሜሪካ ታሪክ ይመቻል። ከልዩ ልዩ አህጉር የመጣ ሕዝብ ተደባልቆ የሚኖርባት፣ ለብዙው ነገር የተጻፈ ሕግና የተጻፈ መዝገብ የሚገኝባት አገር ስለ ሆነች የቤተ ሰብ ትርጓሜ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለወጠ ከመዝገቡ ላይ ማንበብ ይቻላል። አንዳንድ ሰዎች የአሜሪካ ቤተ ሰብ ለብዙ ዘመን በአንድ መልክ ጸንቶ ኖሮ በቅርብ ጊዜ በድንገት የተናጋ አድርገው ያስባሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መልኩ ሲለወጥ ኖሯል፤ ሕጉም አብዛኛውን ጊዜ ከኑሮው ኋላ ይከተል ነበር። በኑሮውና በሕጉ መካከል በነበረው ርቀትም ብዙ ሰው ተጐድቷል። ይህን ከዚህ ቀጥለን እናያለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፋሚሊ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ፋሚሊያ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ፋሚሊያም ፋሙሉስ ከሚለው ቃል ይወጣል፤ ትርጓሜውም አገልጋይ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ በጥንት ጊዜ የሥጋ ዝምድናን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጌታ ሥልጣን ሥር ያለውን ሰው ሁሉ ያመለክት ነበር። የእኛም ቤተ ሰብ የሚለው ቃል የቤት ሰው ማለት ስለ ሆነ ከዚህ አሳብ እጅግ የራቀ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገሩት እንግሊዞችም ቤተ ሰብን የተረዱት በዚሁ ዓይነት ነበር። በአባወራው ሥር ሚስቱና ልጆቹ፣ ሎሌዎቹና ገረዶቹ፣ የእጅ ሥራ ሊማሩ የገቡ የሌላ ሰው ልጆች ሁሉ ቤተ ሰብ ይባሉ ነበር። ቤት ለእነርሱ መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የእርሻና የሥራ ቦታ፣ ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም ትንሽ መንግሥት ነበረ። ከዚህም የተነሣ በኮኔቲከትና በፕሊመዝ ያላገባ ሰው ለብቻው ቤት ይዞ እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። ያ በደል ሆኖ ይቈጠር የነበረው ኑሮ ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ በ2020 በተደረገው ቈጠራ ከመቶ ቤት ከ27 በሚበልጠው ውስጥ የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በዚያ ትንሽ መንግሥት ውስጥ ሚስት በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ሰው አልነበረችም። የእንግሊዝ የሕግ ሊቅ ዊልያም ብላክስቶን ከ1765 እስከ 1769 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ባልና ሚስት በጋብቻ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ያም አንድ ሰው ባልየው ነበር። ሚስሲፒ በ1839፣ ኒው ዮርክም በ1848 ያገባች ሴት በስሟ ንብረት እንድትይዝ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። ይሁን እንጂ አሮጌው አሳብ ቶሎ አልጠፋም። በ1862 የወጣው የመሬት ማደያ ሕግ 160 ኤከር መሬት ሊያለማ ለሚወድ ሰው እንዲሰጥ ሲያዝ ተቀባዩ ወይም የቤተ ሰብ አለቃ፣ ወይም 21 ዓመት የሞላው ሰው ይሁን አለ። ከዚህም የተነሣ ባል የሞተባት ሴትና ያላገባች ሴት መሬት ለመጠየቅ ሲችሉ፣ ከባሏ ጋር የምትኖር ሴት ግን የቤተ ሰብ አለቃ ስላልሆነች በአብዛኛው አትችልም ነበር። የአንድ ቃል ትርጓሜ በእርሻ መሬት እንደሚመነዘር ከዚህ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ የከፋው ዕጣ የደረሰው ግን በባርነት ይኖሩ በነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ነው። እነርሱም ያገቡ ነበር፤ ይወልዱ ነበር፤ የአያቶቻቸውን ስም ለልጆቻቸው ያወጡ ነበር። በሕግ ፊት ግን ጋብቻቸው ጋብቻ አልነበረም። ጌታው ባልን ከሚስት፣ እናትን ከልጅ ለይቶ ቢሸጥ የሚጠይቀው አልነበረም። በ1850ና በ1860 በተደረጉት ቈጠራዎች የጌታው ስም ተጽፎ ከሥሩ የባሪያዎቹ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ይመዘገብ ነበር፤ ስማቸው ግን በአብዛኛው አይጻፍም ነበር። በ1865 ባርነት በተሻረ ጊዜ ብዙ ባልና ሚስት ለብዙ ዓመት የኖሩበትን ጋብቻ ለማስመዝገብ ነፃ የወጡትን ለመርዳት ወደ ተቋቋመው መሥሪያ ቤት ተጓዙ። ሌሎችም ገና በልጅነታቸው የተለዩአቸውን እናቶችና ወንድሞች ለማግኘት በጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ሲያወጡ ለብዙ ዓመታት ቈዩ። ሕጉ ቤተ ሰብ አይደላችሁም ብሏቸው የኖሩት ሰዎች ቤተ ሰብ መሆናቸውን ለአንድ ቀን እንኳ አልረሱም ነበር።

የሕዝብ ቈጠራው መዝገብ ራሱ እንደ መስተዋት የሚያሳይ ነው። በ1790 የመጀመሪያው ቈጠራ ሲደረግ የተጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነበር፤ የቀሩት በቍጥር ተመለከቱ። በ1850 ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ በየስሙ ተጻፈ። በ1880 እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደ ሆነ ተጠየቀ። ባልና ሚስት አብረው ባሉበት ቤት አባወራ ተብሎ የሚጻፈው ባልየው ነበር፤ በ1980 ግን ይህ አጠራር ቀርቶ ቤቱ በስሙ የሚገኝ ሰው፣ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን፣ በመጀመሪያው መሥመር እንዲጻፍ ተደረገ። የቤቱም ሰው ቍጥር እያነሰ ሄደ፤ በ1790 በአንድ ቤት በአማካይ ስድስት ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በ1900 ከአምስት አነሰ፤ በ2020 ሁለት ተኩል ያህል ሆነ።

ለዚህ ለውጥ ዋናው ምክንያት የሥራ ከቤት መውጣት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ፋብሪካ በተስፋፋ ጊዜ አባት ለደመወዝ ከቤት ውጭ መዋል ጀመረ፤ ሎሌውና የእጅ ሥራ ተማሪው ከማዕዱ ተለዩ፤ ቤት የእናትና የልጆች ስፍራ ሆነ ተባለ። ስለ ልጅ ያለውም አሳብ አብሮ ተለወጠ። በ1851 ማሳቹሴትስ ባወጣው የጉዲፈቻ ሕግ ዳኛው አሳዳጊው ልጁን ለማሳደግ የሚገባው ሰው መሆኑን መርምሮ እንዲፈቅድ ታዘዘ፤ በሥጋ ያልተወለደ ልጅም በዳኛ ቃል የቤት ልጅ ሆነ። ዳሩ ግን በጎ አሳብ ሁልጊዜ በጎ ፍሬ አላፈራም። ከ1854 እስከ 1929 ድረስ 200,000 ያህል ልጆች ከምሥራቅ ከተሞች በባቡር ተጭነው ወደ ምዕራብ ገበሬዎች ተላኩ። ከእነዚህም መካከል ወላጅ አልባ ያልነበሩ፣ ወላጆቻቸው ድሆችና ስደተኞች ብቻ የሆኑ ብዙ ነበሩ።

አሁን ብዙ ሰው የጥንቱ የአሜሪካ ቤተ ሰብ ብሎ ወደሚያስበው ዘመን ደርሰናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አባት ሠራተኛ፣ እናት የቤት እመቤት፣ ልጆችም ሦስት ወይም አራት የሆኑበት ቤተ ሰብ እንደ ትክክለኛው ምሳሌ ተቈጠረ። በ1956 የሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 20 ዓመት ያህል፣ የወንዶችም 22 ዓመት ተኩል ነበር። ነገር ግን ይህ የጥንት ልማድ አልነበረም፤ በ1890 የሴቶቹ 22፣ የወንዶቹ 26 ነበርና። ያ ዘመን የቆመው በከፍተኛ ደመወዝ፣ በ1944 ለተመላሽ ወታደሮች በወጣው የእርዳታ ሕግና መንግሥት ዋስ በሆነበት የቤት ብድር ላይ ነው፤ ከዚህም ብድር ጥቁር ዜጎች አብዛኛውን ጊዜ ተገልለው ነበር። ሴቶች በብዛት ለደመወዝ ሥራ ሲሰማሩ፣ ትምህርት ሲረዝም፣ የወሊድ መቈጣጠሪያ ክኒን በ1960 ሲፈቀድ፣ ካሊፎርኒያም ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ ጥፋተኛ ሳይፈለግ ፍቺ እንዲፈጸም ስትፈቅድ፣ መልኩ እንደ ገና ተለወጠ። በ1960 ከመቶ ሕፃናት 5 ያህሉ ካልተጋቡ እናቶች ይወለዱ ነበር፤ በ2020 ግን 40 ያህል ሆኑ።

ሕጉ ይህን ሁሉ የተከተለው ተጐጂዎች እየከሰሱ ነው። በ1968 አምስት ልጆች ያለ ጋብቻ የወለደቻቸው እናታቸው በሞተች ጊዜ ካሣ ቢጠይቁ፣ የሉዊዚያና ፍርድ ቤቶች በሕጉ ውስጥ ልጅ ማለት በጋብቻ የተወለደ ልጅ ነው ብለው ነበርና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረ። ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት እስቲቨን ዋይዘንፌልድ ሕፃኑን ቤት ተቀምጦ ለማሳደግ እንዲችል ሚስቱ ስትከፍልበት ከነበረው የጡረታ ገንዘብ ጠየቀ። ሕጉ ግን ይህን ገንዘብ ለእናት እንጂ ለአባት አይሰጥም ነበር። ጠበቃዋ ሩት ቤይደር ጊንስበርግ ተከራክራለት በ1975 ረታ። በ1967 የነጭና የጥቁር ጋብቻን የሚከለክሉት የግዛቶች ሕጎች ፈረሱ፤ በ2015 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በግዛቶቹ ሁሉ እንዲፈቀድ ወሰነ፤ ይህም ውሳኔ በዚያው አገር ብርቱ ክርክር ያስነሣ ነበር።

ለእኛ አንባቢዎች ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የወይዘሮ አይነዝ ሙር ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። እኒህ አያት በኦሃዮ ግዛት በኢስት ክሊቭላንድ ከተማ ከልጃቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ልጆች የአንድ አባት ልጆች ሳይሆኑ የወንድማማች ልጆች ነበሩ፤ አንደኛው እናቱ ስለ ሞተችበት አያቱ ዘንድ የተጠጋ ነው። የከተማው ደንብ በአንድ ቤት አንድ ቤተ ሰብ ብቻ እንዲኖር ሲያዝ፣ ቤተ ሰብ የተባለውንም ሲዘረዝር ይህን ዓይነቱን ቤት አላካተተውም። ስለዚህ ልጁ ሕገ ወጥ ነዋሪ ተባለ፤ አያቱም ልጁን አላስወጣም ስላሉ አምስት ቀን እሥራትና 25 ዶላር መቀጫ ተፈረደባቸው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1977 አምስት ዳኞች በአራት ዳኞች ላይ በልጠው ፍርዱን ሻሩት። ዳኛው ሉዊስ ፓወል አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች ከልጆች ጋር አንድ ቤት መኖራቸው ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ከመኖራቸው ባላነሰ ሥር የሰደደ ልማድ መሆኑን አስረዱ። በአንድ ዳኛ ድምፅ ብልጫ አያት አያት ሆነች ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በ1978 ስለ አገሩ ቀደምት ተወላጆች ልጆች ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት በተደረገ ጥናት ከመቶ ልጆቻቸው ከ25 እስከ 35 የሚሆኑት ከቤታቸው ተወስደው ነበር፤ አክስት ወይም አያት የምታሳድገውን ልጅ ወላጁ እንደ ጣለው የሚቈጥሩ ሹማምንት ነበሩና። አዲሱ ሕግ ዘመድ የሚባለው ማን እንደ ሆነ የሚወሰነው በልጁ ነገድ ሕግና ልማድ ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 ይህን ሕግ አጸናው።

ጉዳዩ ወደ ወገኖቻችንም ይደርሳል። የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ በዝምድና ላይ የቆመ ነው፤ ነገር ግን ዝምድናው ባልን፣ ሚስትን፣ ልጅን፣ ወላጅን፣ ከረዥም ተራ በኋላም ወንድምና እኅትን ይመለከታል እንጂ አክስትን፣ አጎትንና የአክስት ልጅን አይመለከትም። በ2008 ደግሞ ቀድመው አሜሪካ ከገቡ ስደተኞች ጋር ለመገናኘት ካመለከቱት መካከል፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን በሆኑት ላይ፣ በናይሮቢ የዘር ምርመራ ተደረገ። በብዙዎቹ ዘንድ የተባለው የሥጋ ዝምድና ሳይረጋገጥ ስለ ቀረ አሠራሩ ተቋረጠ፤ በ2012 ሲቀጥል ምርመራው ግዴታ ሆነ። ሐሰት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ መንግሥትም ሐሰትን ለመከላከል መብት አለው። ዳሩ ግን ምርመራው የሚናገረው ማን እንደ ወለደ ብቻ ነው፤ የሟች እኅቱን ልጅ ልጄ ብሎ ያሳደገውን ሰው እውነት ከአታላዩ ሐሰት መለየት አይችልም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ቤተ ሰብ በሕግ የሚፈጠር ነገር አለመሆኑንና ሕግ ግን ሊጠብቀውም ሊበትነውም መቻሉን ነው። አዲስ የሚመስለው ነገር ሁሉም አዲስ አይደለም፤ በ1971 ከመቶ አሜሪካውያን 7 ያህሉ ብቻ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በሚሰበሰቡበት ወይም አዋቂ ልጆች ከወላጆች ጋር በሚኖሩበት ቤት ይኖሩ ነበር፤ በ2021 ግን 18 ሆነዋል። የቤት ኪራይ መወደድና የሽማግሎች ጡዋሪ ማጣት ያን አሮጌ ኑሮ መልሶታል። ትርጓሜ የግድ ያስፈልጋል፤ ያለ ትርጓሜ ጡረታ አይከፈልም፤ ውርስም አይከፋፈልም። ነገር ግን ትርጓሜውን የሚጽፍ ሹም፣ ቅጹን የሚያዘጋጅ ጸሐፊ፣ ሕጉን የሚያስተምር መምህር፣ ከመዝገቡ መሥመር ውጭ የሚቀረው ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። በኢስት ክሊቭላንድ ከመሥመሩ ውጭ ቀርቶ የነበረው እናቱ የሞተችበት አንድ ሕፃን ነበር።