ግራዚያኒን ሊቢያ ላይ ትቶት የወጣው ፊልም

ግራዚያኒ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የካቲት 12 ነው። ሰውየው ግን አዲስ አበባ የገባው ሙያውን ሌላ አገር ላይ ተለማምዶ ነው። የተለማመደበትን አገር ማየት የሚፈልግ «ላየን ኦፍ ዘ ዴዘርት» (የበረሃው አንበሳ) የተባለውን ፊልም ቢያይ አይቆጨውም። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ የወጣው በ1981 ነው። ዳይሬክተሩ ሶሪያዊ-አሜሪካዊው ሙስጠፋ አካድ ሲሆን፣ 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀውን ወጪ የሸፈነው የጋዳፊ መንግሥት ነበር። አንቶኒ ኩዊን ኦማር ሙክታርን፣ ኦሊቨር ሪድ ግራዚያኒን፣ ሮድ ስታይገር ደግሞ ሙሶሎኒን ሆነው ይጫወታሉ። ታሪኩም ሰባ ዓመት ያለፈው የቁርዓን መምህር በምሥራቅ ሊቢያ ጣሊያንን እንዴት እንደተዋጋና መስከረም 16 ቀን 1931 እንዴት እንደተሰቀለ ነው።

ከጥንካሬው እንጀምር። ፊልሙ የጦር ሜዳ ጀብዱ ብቻ አያሳየንም። በ1930 ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ የሲሬናይካ ሕዝብ ከቀዬው ተነቅሎ በሽቦ ወደታጠሩ ካምፖች ተነዳ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት በረሃብና በበሽታ አለቁ። በ1931 ደግሞ አርበኞቹ ከግብፅ ስንቅ እንዳያገኙ 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሽቦ አጥር ድንበሩ ላይ ተዘረጋ። ካምፑም፣ አጥሩም፣ መስቀያውም ፊልሙ ውስጥ አሉ። ጣሊያን በ1982 ፊልሙ የሠራዊቱን ክብር ይነካል ብላ ከለከለችው። በቴሌቪዥን የታየው ጋዳፊ ሮምን በጎበኘበት በ2009 ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የተደበቀ ፊልም የት ቦታ ላይ እንደነካ መገመት አያዳግትም።

ድክመቱስ? የመጀመሪያው ጥፋቱን ሁሉ አንድ ሰው ላይ መከመሩ ነው። የሊቢያ ገዥ ባዶሊዮ ነበር፤ ግራዚያኒ የሲሬናይካ ምክትል ገዥ እንጂ የበላይ አልነበረም። ሕዝቡን ከአርበኞቹ መነጠል እንዳለበት፣ ለዚህም የሲሬናይካ ሕዝብ በሙሉ ቢያልቅ እንኳ ወደ ኋላ እንደማይባል በ1930 በደብዳቤ ለግራዚያኒ የጻፈለት ባዶሊዮ ነው። ይህ እኛን በመርዝ ጋዝ አቃጥሎ በ1936 አዲስ አበባ የገባው ባዶሊዮ በፊልሙ ውስጥ ገጸ ባሕሪ እንኳ አልሆነም። አንድ ክፉ ጄኔራል ብቻ ካየን፣ ክፋቱ የመንግሥት ዕቅድ እንደነበር እንረሳለን።

ሁለተኛው፣ ግራዚያኒና ሙክታር ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ትዕይንት ነው። ትወናው ድንቅ ነው፤ ችግሩ ግራዚያኒን ጠላቱን የሚያከብር ወታደር አድርጎ ማሳየቱ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያ አክብሮት አልታየም። ለሦስት ቀን የተጨፈጨፈው ባዶ እጁን የነበረ ሕዝብ ነው። በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በትእዛዙ ተረሸኑ።

ለእኔ ትልቁ ጉድለት ግን ሦስተኛው ነው። በዚያ በረሃ ለጣሊያን ሲተኩሱ የነበሩት ነጮች ብቻ አልነበሩም። ከ1912 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ አስካሪዎች እየተጫኑ ወደ ሊቢያ ተልከዋል። ገብረየሱስ ኃይሉ በ1927 በትግርኛ ጽፎት በ1950 የታተመው ልብ ወለድ የእነሱን ሰቆቃ የሚተርክ ነው። ጣሊያን ውለታውን ለመመለስ ይመስል፣ በ1936 ደግሞ የሊቢያ ወታደሮችን አምጥታ በግራዚያኒ ጦር ውስጥ ኦጋዴን ላይ የደጃዝማች ነሲቡን ሠራዊት አስወጋች። አንዱን ቅኝ ተገዥ ወስዶ ሌላውን ማስገደል የአገዛዙ ዋና ዘዴ ነበር። ፊልሙ ግን ይህን ታሪክ አይነግረንም። ሁለት ወገን ብቻ ነው ያለው፦ ወራሪና አርበኛ። እኛም ብንሆን «ባንዳ» ብለን በአንድ ቃል ዘግተን የምናልፈው ጉዳይ ነው። በረሃብ የተመለመለውን፣ ተገድዶ የዘመተውን፣ ወዶ የገባውን ለይተን ስንቴ ጠይቀናል?

ፊልሙ ሙክታር ተሰቅሎ፣ መነጽሩን አንድ ሕፃን ሲያነሳ ያበቃል። ልብ የሚነካ መጨረሻ ነው። የግራዚያኒ ታሪክ ግን እዚያ አያበቃም። በ1950 የአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት፤ ያውም ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በሊቢያና በኢትዮጵያ ለፈጸመው አልነበረም። በወራት ውስጥ ተፈትቶ በ1955 ሞተ። በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት።

ስለዚህ ፊልሙን እዩት፤ ለሌላውም አሳዩት። ስታዩት ግን መነጽሩን ካነሳው ሕፃን ጋር አብራችሁ አታልቅሱና አትነሱ። ባዶሊዮ የት ሄደ? አስካሪዎቹስ? ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ቀን የካቲት 12ን በትልቅ ፊልም የሚሠራ ሰው ከመጣ ደግሞ፣ እነዚህን ሰዎች ከምስሉ ውጪ እንዳይተዋቸው አደራ።