አቀናባሪው እንደ ደራሲ፦ የሙላቱ አስታጥቄ የሙዚቃ ጉዞ

አንድ ዘፈን በሬዲዮ ሲሰማ አድማጩ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማነው የዘፈነው?» ብሎ ነው። ጠለቅ ያለ ፍላጎት ያለው ደግሞ «ግጥሙ የማን ነው?» ይላል። «ያቀናበረውስ ማነው?» የሚል ግን ከስንት አንድ ነው። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ቃል የሚከበርበት፣ ሰምና ወርቅ የሚፈታበት፣ አዝማሪው ከመሰንቆው ይልቅ በሚያወርደው ግጥም የሚመዘንበት አገር ልጆች ነንና፣ ከቃል ተለይቶ የቆመ ድምፅ ለጆሯችን እንደ ጎደሎ ነገር ሆኖ ቆይቷል። በዚህም የተነሣ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ በአመዛኙ የድምፃውያን ታሪክ ሆኖ ሲነገር ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አቀናባሪ የሌላውን ሥራ አስዋቢ ሳይሆን ራሱን የቻለ ደራሲ መሆኑን በአንድ ከያኒ የሥራ ጉዞ ማሳየት ነው። ከያኒውም አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወለዱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግድም ወደ ብሪታንያ ሲላኩ የታሰበላቸው ሙያ ምሕንድስና ነበር። ይሁን እንጂ ዌልስ ውስጥ በሊንዲስፋርን ኮሌጅ ሲማሩ ዝንባሌያቸው ወደ ሙዚቃ መሆኑ ታወቀ። ከዚያም ለንደን በሚገኘው የትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ትምህርታቸውን ገፉበት። በበርክሊ ከአፍሪካ የመጡ የመጀመሪያው ተማሪ እርሳቸው እንደነበሩ ይነገራል። የያዙት ዋና መሣሪያ ቫይብራፎን ነው፤ ተደርድረው የተቀመጡ የብረት ጠፍጣፋዎች በእጅ መምቻ ሲመቱ፣ ድምፁ ከሥር ባሉት ቱቦዎች እየተርገበገበ የሚረዝምበት መሣሪያ። ከእርሱም ጋር ኮንጋ ከበሮና የቁልፍ መሣሪያዎችን ይጫወታሉ።

ከቦስተን ወደ ኒውዮርክ ተሻግረው «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» የተባለ ጓድ አቋቋሙ። በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል ርእስ ሁለት ሸክላዎችን አሳተሙ። በእነዚህ ሥራዎች የካሪቢያን ሕዝቦች ምት ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር ተገናኘ። ያ ምት ራሱ በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን ጋር ባሕር የተሻገረ በመሆኑ፣ ግንኙነቱ ለሙላቱ የባዕዳን ትውውቅ አልነበረም፤ የተለያዩ ዘመዳሞች መገናኘት ነበር እንጂ።

የጉዞው ከባድ ጥያቄ የተነሣው ግን በምት ላይ ሳይሆን በቅኝት ላይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። ጃዝና የአውሮፓ ሙዚቃ ደግሞ በአሥራ ሁለት ድምፆች ይገለገላሉ። ሁለቱን ማገናኘት በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ትዝታን እንውሰድ። ዋናው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። አቀናባሪው ከዜማው ሥር በአውሮፓ ሥርዓት የተደራረቡ ድምፆችን ልደርድር ሲል፣ የሚደረድራቸው ድምፆች እነዚያኑ የጎደሉትን ሁለቱን እየጎተቱ ያመጡበታል። ሁለቱ ከገቡ ደግሞ ትዝታ ትዝታነቱ ይቀርና ማንኛውም የፈረንጅ መዝሙር የሚዜምበት ሰባት ድምፅ ይሆናል። እንግዲህ የቅኝት ጠባይ የሚታወቀው ባሉት ድምፆች ብቻ ሳይሆን በሌሉትም ጭምር ነው ማለት ነው። ሙላቱ በየጊዜው በሰጧቸው ቃለ ምልልሶች ደጋግመው ያነሡት ጭንቀት ይኸው ነው፦ የአሥራ ሁለቱን ድምፅ ሀብት አምጥቶ የአምስቱን መልክ አለማጥፋት። የትኛው ድምፅ የት ይግባ፣ የትኛውስ በር ላይ ይቁም ብሎ መወሰን የደራሲ ውሳኔ ካልሆነ ታዲያ ምን ይባላል?

በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የሸክላ ሥራ ሊያብብ ተቃርቦ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሬከርድስ የወጣቶቹን ድምፅ እያሳተመ ማውጣት ጀመረ። ሙላቱም በዚህ ዘመን ለብዙ ድምፃውያን አቀናበሩ። የጥላሁን ገሠሠ «ላንቺ ብዬ»፣ የምኒልክ ወስናቸው «ፍቅራችን»፣ የሙሉቀን መለሰ «ውቢት» እጃቸው ያረፈባቸው ናቸው። ዘፈኖቹን የሚያውቅ ሰው የድምፃውያኑን ስም ያለ ችግር ይጠራል። ከድምፁ በፊት የሚቀድመውን መግቢያ፣ በስንኝና በስንኝ መካከል የሚመልሰውን የትንፋሽ መሣሪያ፣ ከሥር የሚሄደውን ምት ማን እንዳሰበው ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለው ሥራ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ገፋው። በዚህ ሸክላ ውስጥ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለው የሠርግ ዜማ ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ ቀርቧል። ገጣሚ እንደመሆኔ መጀመሪያ ስሰማው ግጥሙን የነጠቁኝ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳዳምጥ ግን ቃሉን እኔው ራሴ በልቤ እየሞላሁት መሆኑን ተገነዘብሁ። አቀናባሪው ቃሉን አላጠፋውም፤ በአደራ ለአድማጩ ሰጠው እንጂ። የሕዝቡን ዕውቀት ያላመነ ሰው ይህን ሊያደርግ አይደፍርም። ሆኖም በዚያን ጊዜ አዲሱን ድምፅ በቅሬታ የተቀበሉት ጥቂቶች እንዳልነበሩ ሙላቱ ራሳቸው ይናገራሉ።

በ1973 መገባደጃ ዱክ ኤሊንግተን ከነጓዱ አዲስ አበባ ሲመጣ ከታላቁ ጃዝ ሙዚቀኛ ጋር ለመሥራት በቁ። በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ «የካቲት» የሚል ስም የተሰጠው የኢትዮ ጃዝ ሸክላቸው በአምሃ ሬከርድስ ታተመ። በዓመቱ አምሃ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ የማሳተሚያ ድርጅቱም ሥራ አበቃ። ለዓመታት በዘለቀው ሰዓት እላፊ የሌሊት ሙዚቃ ቤቶች ሲቀዘቅዙና ብዙ ከያንያን ሲሰደዱ፣ ሙላቱ በአገር ቤት ቆይተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ያስፈልጋል። ሙላቱ «የኢትዮ ጃዝ አባት» ሲባሉ ከእርሳቸው በፊት ምድረ በዳ ነበር ማለት አይደለም። በ1924 ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጋር የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም የወንድማቸው ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ዜማ ለኦርኬስትራ በማስማማት ረገድ ብዙ ደክመዋል። እንደ ግርማ በየነ ያሉ የዘመን ጓደኞችም ነበሯቸው። የእነዚህ ሁሉ ዕጣ አንድ ነው፦ ሥራቸው በሕዝብ ጆሮ ውስጥ ይኖራል፤ ስማቸው ግን ከሥራቸው ጋር አብሮ አይጠራም።

የሙላቱ ስም ከዚህ ዕጣ ያመለጠው ዘግይቶና በሩቅ መንገድ ዞሮ ነው። በ1998 በፈረንሳይ የወጣው የ«ኢትዮፒክስ» አራተኛ ቅጽ የመሣሪያ ሥራዎቻቸውን ሰበሰበ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ «የከርሞ ሰው»ን ጨምሮ ዜማዎቻቸውን ሲጠቀም፣ አማርኛ የማይሰማው ዓለም አደመጣቸው። ቃል ስላልነበረው ትርጉም አላስፈለገውም! ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ባልደረባ ሆነው በቅዱስ ያሬድ ላይ የተመሠረተ ኦፔራ ማዘጋጀት ያዙ። የክራርን አቅም ለማስፋትም ደከሙ። በ2012 በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በየመድረኩም የደራሼ ሕዝብ የቀርከሃ ዋሽንት ነፊዎች ለዓለም የሙዚቃ ዕውቀት ያበረከቱት ድርሻ እንዲታወቅ ይሞግታሉ። ለራሳቸው የተጓደለውን ዕውቅና ስም ላልተጠራላቸው የገጠር ባለ ሙያዎች መጠየቃቸው የሰውየውን ልብ ያሳያል።

እንግዲህ ከዚህ ጉዞ የምንማረው ምንድን ነው? የሙዚቃ መምህር ተማሪውን ዜማውን ብቻ ሳይሆን ቅንብሩንም እንዲያዳምጥ ያስተምረው። ዘፈን የሚያስተዋውቅ ሁሉ ከድምፃዊውና ከገጣሚው ስም ቀጥሎ የአቀናባሪውን ስም ይጥራ። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ የተቀመጡ የኖታ ወረቀቶች ምስጥ ሳይበላቸው ይሰብሰቡ፤ ድምፃዊ በሸክላ ላይ ይቀራል፣ የአቀናባሪ ሐሳብ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው በዚያ ወረቀት ላይ ነውና። ከአሁን በኋላ አንድ የቆየ ዘፈን ስንሰማ፣ ድምፃዊው አፉን ከመክፈቱ በፊት ያለችውን አጭር መግቢያ በጥሞና እናዳምጣት። እዚያች ውስጥ አንድ ደራሲ አለ።