የሞተር ሚስፋየርና የኮድ ምርመራ አመጣጥ

የቤንዚን ሞተር ከተፈለሰፈበት ጊዜ አንሥቶ የጥገና ባለሙያውን ሲያደክሙት ከኖሩት ብልሽቶች አንዱ ሚስፋየር ነው፤ ይኸውም ወደ አንዱ ሲሊንደር የገባው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ሳይቃጠል መውጣቱ ነው። የቀድሞዎቹ መካኒኮች ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶችን በየተራ እየነቀሉ፣ ገመዱ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ የማይለወጥበትን ሲሊንደር በጆሮአቸው ይለዩ ነበር። ዛሬ ይህን ለመለየት የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ አለ። መሣሪያው የሚሰጠውን ቃል በልኩ ለመመዘን ግን ለምን ዓላማ እንደ ተፈጠረ ማወቅ ያስፈልጋል።

የታሪኩ መነሻ የሎስ አንጀለስ ከተማ የተበከለ አየር ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ሆላንድ ተወላጁ ሳይንቲስት አሪ ሃገን-ስሚት፣ ከተማይቱን የሚሸፍነው ጭጋግ ከተሽከርካሪዎችና ከፋብሪካዎች የሚወጣው ጋዝ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር መሆኑን አስረዳ። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ሀብት ቦርድ እንዲቋቋም ስትወስን የቦርዱ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ይኸው ሰው ሆነ። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ የአሜሪካ አውቶሞቢሎች ማርሚታ መሥመር ላይ ካታሊስት ተገጠመ። ካታሊስቱ በሚገባ እንዲሠራ የድብልቁ መጠን በጥብቅ መመጠን ስላለበት ኮምፒዩተር ወደ ሞተሩ ገባ። ካሊፎርኒያም ከ1988 ሞዴል ጀምሮ ተሽከርካሪው ጉድለቱን ራሱ እንዲመዘግብ አስገደደች። ሆኖም ኮዱና ሶኬቱ በየፋብሪካው የተለያየ ነበር፤ ሚስፋየርንም መከታተል ግዴታ አልነበረም።

ይህን ያሟላው ኦ.ቢ.ዲ. 2 የተባለው ሥርዓት ነው። ከ1994 ሞዴል ጀምሮ ቀስ በቀስ ገብቶ፣ በ1996 በአሜሪካ ለሚሸጡ አዳዲስ የቤት አውቶሞቢሎች ሁሉ ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ማኅበርም በ2001 ለቤንዚን ተሽከርካሪዎች ተመሳሳይ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። ሚስፋየር በክትትሉ የተካተተው ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ተቀጣጥሎ ውስጡን ሊያቀልጠው ስለሚችል ነው። ኮምፒዩተሩ የክራንክ ሻፍቱን ፍጥነት በሴንሰር ይለካል፤ አንድ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ሲቀር ክራንክ ሻፍቱ ለቅጽበት ይዘገያልና፣ ከዚህ ተነሥቶ ጥፋተኛውን ሲሊንደር ይለያል። ፒ0301 አንደኛውን፣ ፒ0302 ሁለተኛውን ሲሊንደር ሲያመለክት፣ ፒ0300 ሚስፋየሩ በአንድ ሲሊንደር ያልተወሰነ መሆኑን ይናገራል። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱ ካታሊስቱ አደጋ ላይ መሆኑን ማስጠንቀቁ ነው።

እንግዲህ ኮዱ የተደነገገው አየርን ለመጠበቅ በመሆኑ፣ የሚናገረው መቃጠሉ የተጓደለበትን ሲሊንደር እንጂ የተጓደለበትን ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ካንዴላ፣ ኮይል፣ ኢንጀክተር፣ የአየር መሹለክ ወይም የኮምፕረሽን መድከም ሊሆን ይችላል። ፒ0302 የታየበትን ሞተር ኮይል ከሦስተኛው ሲሊንደር ኮይል ጋር አለዋውጦ መሞከር ብዙ ያስረዳል፤ ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተለወጠ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ካልተለወጠ ግን ምርመራው ወደ ሌሎቹ መሻገር አለበት። ኮዱ ሲመዘገብ አብረው የተያዙት የሞተሩ ፍጥነት፣ ጭነትና ሙቀትም ኮዱ ከመሰረዙ በፊት ሊጻፉ ይገባል፤ ከተሰረዙ ምስክርነታቸው ይጠፋልና።

ኮድ አንብቦ ወዲያው ዕቃ የሚለውጥ ባለሙያ የግምቱን ዋጋ ደንበኛውን ያስከፍላል፤ በዚህም የሚጎዳው የደንበኛው ኪስ ብቻ ሳይሆን የሙያው መታመንም ነው። መሣሪያው የጆሮን ድካም አቃለለ እንጂ መርምሮ የመፍረድን ኃላፊነት ከመካኒኩ ትከሻ አላወረደም።